ለወሬ ነጋሪ የተረፈው፦ ስለ ጦርነት ልብ ወለድና ስለ ተራፊ ጸጸት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። መጀመሪያ ተበሳጭቼ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። ጸሐፊው የጦርነት ልብ ወለዶችን ይተቻሉ፤ በተለይ ከጦር ሜዳ በሕይወት ተመልሶ «እኔ ለምን ተረፍኩ?» እያለ የሚብሰለሰለውን ገጸ ባሕርይ። ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳባቸውን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ይህ ጸጸት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ያመጡት ፋሽን ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተራፊው ምንም ስላላጠፋ ጸጸቱ መሠረት የለውም፤ ደራሲም መሠረት የሌለውን ስሜት ማባበል የለበትም። ሦስተኛ፣ በተራፊው ሕመም ላይ ማተኮር ታሪኩን ከሟቾቹ መንጠቅ ነው። አራተኛ፣ አንባቢ ተስፋ ይሻልና መጽሐፉ በመዳን፣ በተለይም በፍቅር መቋጨት አለበት። አምስተኛ፣ የተቆራረጠና ወደ ኋላ ወደ ፊት የሚዘል አተራረክ የችሎታ ማነስ መሸፈኛ ነው። ስድስተኛ፣ ጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ባይጽፍ ይሻላል።

እኔ የሌሎችን ረቂቅ እያነበብኩ አስተያየት በመስጠት ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ከእነዚያ ረቂቆች መካከል ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች የጻፏቸው አሉ። ጽሑፉን ሳነብ የአንደኛው ፊት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ስለ እርሱ ፈቅዶልኝ ጥቂት እናገራለሁ፤ ስሙንም የዘመተበትንም ጦርነት አልጠቅስም። የጽሑፉን ቅደም ተከተል እከተላለሁ፤ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆማለሁ፤ ትልቁ ቅሬታዬ ያለው እዚያ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፋሽን ነው» ስለሚለው

ስሙ አዲስ መሆኑን እቀበላለሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ መድፍ አጠገባቸው ከፈነዳ በኋላ ማየት፣ ማሽተትና ማስታወስ ስላስቸገራቸው ሦስት ወታደሮች «ሼል ሾክ» (የመድፍ ድንጋጤ) የሚለውን ስም ይዞ በሕክምና መጽሔት የጻፈው በ1915 ነው። ዊልያም ኒደርላንድ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፉ ሰዎችን ሲመረምር ቆይቶ ስለ ተራፊዎች ሕመም የጻፈው በ1960ዎቹ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣውን ሕመም፣ ዛሬ ፒቲኤስዲ የምንለውን፣ በምርመራ መመሪያው ያሰፈረው በ1980 ነው። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

ነገሩ ራሱ ግን ከስሙ በፊት ነበር። የጥንቱን የግሪኮች የጦርነት ግጥም፣ የኢልያድን፣ 18ኛ መጽሐፍ ይመልከቱ። አኪሌስ አኩርፎ ከጦርነቱ ወጥቶ መርከቦቹ ዘንድ ተቀምጧል። ወዳጁ ፓትሮክሎስ የእርሱን የጦር ልብስ ለብሶ ይዘምትና ይገደላል። ወሬው ሲደርሰው አኪሌስ ለእናቱ የሚላት ምንድን ነው? አሁኑኑ ልሙት፤ ወዳጄ ሲገደል አልደረስኩለትም፤ እዚህ የምድር ከንቱ ሸክም ሆኜ ተጎልቼ ነበር። 23ኛው መጽሐፍ ላይ ሟቹ በሕልሙ መጥቶ ተኝተሃል፣ ረስተኸኛል ብሎ ይወቅሰዋል። 24ኛው ላይ ሌላው ሠራዊት በልቶ ሲተኛ አኪሌስ እንቅልፍ አጥቶ ይገላበጣል፤ አንዴ በጎኑ፣ አንዴ በጀርባው፣ አንዴ በግንባሩ። ዮናታን ሼይ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም የታካሚዎቹን ንግግር በዚህ ግጥም ውስጥ ስለሰማው ነው በ1994 «አኪሌስ በቬትናም» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው።

የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ በ480 ከክርስቶስ ልደት በፊት በቴርሞፒሌ ጦርነት ከተሰለፉት ሦስት መቶ ስፓርታውያን መካከል ስለተረፉት ይነግረናል። ፓንቲቴስ የተባለው መልእክት ይዞ ወደ ቴሳሊያ ተልኮ ስለነበር ከሞት አመለጠ፤ አገሩ ሲገባ ግን ተዋረደና ራሱን ሰቀለ ይባላል። ሌላው፣ አሪስቶዴሞስ፣ ዐይኑን ታሞ የቀረ ነው። የሚያነጋግረው አጣ፤ እሳት እንኳ የሚጭርለት ጎረቤት አጣ፤ «ተንቀጥቃጩ» የሚል ስም ወጣለት። በዓመቱ በፕላቴያ ጦርነት ከሰልፉ ተነጥሎ ወደ ጠላት ሮጠና ሲዋጋ ሞተ። ስፓርታውያን ለእርሱ ክብር አልሰጡም፤ ጀግንነቱን አይተናል፣ ነገር ግን ሞትን ፈልጎ ነው የሞተው አሉ።

ጸሐፊው «ይህማ ሐፍረት ነው፣ ጸጸት አይደለም» ሊሉኝ እንደሚችሉ ይገባኛል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ሐፍረት ከሰው ዐይን ይመጣል፣ ጸጸት ማንም በሌለበትም ይመጣል። እንግዲያው ማንም ያልወቀሰውን ሰው ልጥቀስ። በመጽሐፍ ቅዱስ የንጉሥ ዳዊት ወታደር የነበረው ኦርዮ ከግንባር ተጠርቶ መጥቷል። ንጉሡ ራሱ ወደ ቤትህ ሂድ፣ እግርህን ታጠብ ብሎታል፤ ንጉሡ ለምን እንደዚያ እንዳለው አንባቢ ያውቃል፣ ኦርዮ ግን አያውቅም። ሚስቱ አለች፣ ቤቱ ቅርብ ነው። እርሱ ግን ታቦቱና ሠራዊቱ በድንኳን፣ አለቃዬ በሜዳ ሰፍረው ሳለ እኔ እንዴት ልብላ፣ እንዴት ልጠጣ፣ እንዴት ከሚስቴ ጋር ልተኛ ብሎ ከንጉሡ ቤት ደጃፍ አደረ። በማግስቱ አስክረውት እንኳ ቤቱ አልገባም። ጓዶቹ ገና በሕይወት ስላሉ ተራፊ ልንለው አንችልም ይሆናል። አልጋው የእርሱ እንዳልሆነ የሚነግረው ስሜት ግን ያው ነው።

እኛስ «ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች» ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህን አባባል ያበጀው ሰው የሕክምና መጽሔት አገላብጦ አልነበረም።

«ምንም ስላላጠፋ ጸጸቱ መሠረት የለውም» ስለሚለው

ጸሐፊው እዚህ ላይ እንደ ዳኛ ነው የሚያስቡት። ጥፋት ካለ ጸጸት ይገባል፤ ጥፋት ከሌለ ጸጸቱ መድኃኒት የሚሻ ስሕተት ነው። ስለዚህ ጥሩ ደራሲ ለገጸ ባሕርይው አንድ አስተዋይ ሰው ልኮ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ሊያስብለው ይገባል ይላሉ።

ምንም አላጠፋም ያለውስ ማን ነው? የ1980ው መመሪያ ጸጸትን ከምልክቶቹ ሲቆጥር በአንድ መስመር ሁለት ነገር አስቀምጦ ነበር፤ ሌሎች ሞተው እኔ በመትረፌ የሚል ጸጸት፣ ወይም ለመትረፍ ሲባል በተደረገ ነገር የሚመጣ ጸጸት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ1987 እትም ይህ መስመር ከዋናዎቹ ምልክቶች ወጣ፤ በ2013 እትም ደግሞ ጸጸትም ራስን መውቀስም በሌላ አገላለጽ ተመለሱ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ሠላሳ ዓመት ሲያወጡትና ሲያስገቡት የኖሩትን ነገር ደራሲ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲዘጋው መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ጣሊያናዊው ደራሲ ፕሪሞ ሌቪ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ጽፏል። ልብ ወለድ አይደለም፤ በናዚ ማጎሪያ ካምፕ በኦሽዊትዝ የደረሰበት ነው። ጊዜው ነሐሴ 1944፣ ሙቀቱ የበረታ፣ ጥሙ ከረኀቡ የባሰ ነበር። ፍርስራሽ በሚያነሣበት ምድር ቤት ጥግ አንድ ቧንቧ አየ። ውስጡ ምናልባት አንድ ሊትር የሚሆን ውኃ አለ። ብቻውን ይጠጣው? ለነገ ይተወው? አብረውት ላሉት ሁሉ ይንገር? ለቅርብ ጓደኛው ለአልቤርቶ ብቻ ነገረውና ተደብቀው እየተጋቱ ጨረሱት። ወደ ካምፑ ሲመለሱ ዳንኤሌ አጠገባቸው ይሄድ ነበር፤ በሲሚንቶ አቧራ ግራጫ ሆኖ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። አይቷቸው ነበር። ነፃ ከወጡ በኋላ ዳንኤሌ ጠየቀው፦ ለምን ሁለታችሁ ብቻ? ለምን እኔስ?

ሌቪን ለዚህ የሚከስ ፍርድ ቤት የለም። አንድ ሊትር ለሁሉም ቢካፈል ከንፈር አያረጥብም ነበር። ይህን ሁሉ እርሱ ራሱ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ከአርባ ዓመት በኋላ በእርሱና በዳንኤሌ መካከል ያ ውኃ አለ። አሁን ጸሐፊው የሚሉት አስተዋይ ሰው መጥቶ «ምንም አላጠፋህም» ቢለው ማንን ያጽናናል? ሌቪን የሚያሳርፈው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የዳንኤሌ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይሰረዛል።

ወደ እኔው ሰው ልመለስ። የአንድን ሌሊት ታሪክ ነበር የሚጽፈው። የዘብ ተራው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። በእርሱ ተራ ሌላ ሰው ወጣ፤ በዚያች ሰዓት ሞርታር ወደቀ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ተራቸውን የቀየረው አዛዡ ነው። አራተኛው ላይ ጓዱ ራሱ «ዛሬ እኔ ልውጣልህ» ይለዋል። ሰባተኛው ላይ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ፣ «ለመንኩት» የሚል አንድ ቃል መጣ። እግሩ ውኃ ቋጥሮ ነበርና ጫማውን ማጥለቅ ስላልቻለ ለምኖት ነበር።

ሰባት ረቂቅ ፈጀበት። በእነዚያ ወራት ሁሉ ዘመዶቹ ጸሐፊው የሚመክሩትን ቃል ሲነግሩት ኖረዋል፤ «አንተ ምን ልታደርግ ትችል ነበር?» የሚለውን። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እንደሚጠላው ነግሮኛል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። የጥያቄው መልስ «ምንም» ነው። ምንም ማድረግ የማይቻል ከነበረ ያ ሞርታር ማንንም ሳያይ፣ ማንንም ሳይመርጥ ወድቋል፤ ነገም በማንም ላይ እንደዚያው ይወድቃል። «እኔ ባልለምነው ኖሮ» ሲል ግን ዓለም ሥርዓት ይኖረዋል፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ ወይም ቢተው ጓዱ ዛሬ ይኖር ነበር። ጸጸቱ እያቃጠለው እንኳ ከባዶው ይሻለዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ከአቅመ ቢስነት ይልቅ ራስን መውቀስ የሚቀልላቸው ሰዎች እንዳሉ ሲናገሩ ኖረዋል፤ እኔ ግን የገባኝ ከዚያ ሰው ረቂቅ ነው።

ሌላም አለ። ጸጸቱ ከጓዱ ጋር የቀረው የመጨረሻ ግንኙነት ነው። አንድ ቀን «ይህን ነገር ካወረድኩት እርሱን ብቻውን እተወዋለሁ» አለኝ። የፓትሮክሎስ መንፈስ ረስተኸኛል ያለው ትዝ ይለኛል። መዳንን እንደ መክዳት የሚቆጥር ሰው አለ፤ ለዚህ ሰው «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት እጁን ከጓዱ እጅ ላይ ማላቀቅ ነው። ልብ ወለድ ከዳኛም ከሐኪምም የሚለይበትን ቦታ ያገኘሁት እዚህ ነው። ዳኛ ጥፋተኛ ነህ ወይም አይደለህም ብሎ መዝገብ መዝጋት አለበት፤ ሐኪም ታካሚው እንዲተኛ መርዳት አለበት። ደራሲ ግን «አላጠፋህም፤ ዕዳ ግን አለብህ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለት መቶ ገጽ አብሯቸው መቀመጥ ይችላል። ጸሐፊው ደራሲው አንዱን እንዲመርጥ ይፈልጋሉ። እኔ እንዳይመርጥ እለምናለሁ።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ የመጨረሻ ነገር። ጥፋት በእርግጥ ያለበት ጊዜም አለ። መተኮስ ያልነበረበት ተኩሷል፤ ወይም ያመነው አለቃ ሰዎቹን ያለ ምክንያት አስጨርሷል፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። ሼይና ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህንን ከፍርሃት ከሚመጣው ሕመም ለይተው የሞራል ቁስል ይሉታል። «አላጠፋህም» የሚል መልአክ በየመጽሐፉ ከላክን በእውነት ያጠፋው ሰው የሚናገርበት በር ይዘጋል፤ የተበደለውም አብሮ ደጅ ይቀራል።

«ታሪኩን ከሟቾቹ ይነጥቃል» ስለሚለው

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የተገደሉት መንደርተኞች የወታደሩ ቅዠት ማድመቂያ ብቻ የሆኑባቸው፣ ሴትዮዋና ልጁ ስም ሳይኖራቸው በየሌሊቱ እየመጡ ተመልሰው የሚጠፉባቸው ረቂቆች በእጄ አልፈዋል። በላብ ተጠምቆ፣ ጮኾ፣ ከአልጋው ብድግ የሚለው ገጸ ባሕርይም ሰልችቶኛል። ያንን ትዕይንት ሳገኝ ጎኑ ላይ «ሕልሙን ተወው፣ ሟቹን አምጣው» ብዬ እጽፋለሁ።

ነገር ግን መድኃኒቱ ተራፊውን ከመጽሐፉ ማስወጣት አይደለም። ጦር ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ «ለወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» እንላለን። አንድ ሰው ከተረፈ ሥራው ወሬ መንገር ነው ማለት ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ መጀመሪያ አራት መልእክተኞች ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል፤ አራቱም ልነግርህ ብቻዬን አመለጥሁ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ኢዮብ ልብሱን ይቀድዳል፤ ታሪኩም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። አራቱ መልእክተኞች ሲወጡ ማንም አያያቸውም። ባልንጀሮቻቸው ሁሉ ዐይናቸው እያየ አልቀዋል። ያን ሌሊት የት አደሩ? እኔ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ መጻሕፍትን እፈልጋለሁ፤ ብዙ አይደሉምና።

ሌቪ ከጸሐፊው በፊት ራሱን በዚሁ ከሶ ነበር። እውነተኞቹ ምስክሮች እኛ የተረፍነው አይደለንም፣ እስከ መጨረሻው የወረዱትና ያልተመለሱት ናቸው ብሎ ጽፏል። ይህን እያወቀ ግን ዝም አላለም፤ ስለ እነርሱ፣ በእነርሱ ቦታ ጻፈ።

እንግዲህ መለኪያዬ ይህ ነው፦ ሟቹ ከመሞቱ ሌላ ምን አለው? ለዚያ ሰው አሥረኛ ረቂቁን ሳነብ ጓዱ አሁንም የሚሞት ሰው ብቻ ነበር። «በሕይወት ሳለ ምን ያናድድህ ነበር?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ነጋዴ ነበር» አለኝ፤ «ያለ ዋጋ ምንም አይሰጥህም። ስለምነው እንኳ ተደራድሮ ነው እሺ ያለኝ።» በምን ተደራደራችሁ አልኩት። «በካልሲ» አለ። «ደረቅ ካልሲ ስጠኝና ልውጣልህ አለኝ። ሰጠሁት። ካልሲዬን ለብሶ ነው የሞተው።» ከዚያች ቀን በኋላ ሟቹ በረቂቁ ውስጥ መተንፈስ ጀመረ፤ ተሟጋች፣ ሥሡ፣ ሳቂታ ሰው ሆኖ። ያመጣው ግን የተራፊው ጸጸት ነው፤ ሌላ ማንም ስለዚያ ካልሲ አያውቅም።

«በፍቅርና በመዳን ይቋጭ» ስለሚለው

መዳን ውሸት ነው አልልም። ከጦርነት የሚመለሱ ብዙ ሰዎች በዚህ ሕመም አይያዙም፤ ከሚያዙትም መካከል በሕክምና የሚሻላቸው ብዙ ናቸው። ያለፈውን ደጋግሞ በመተረክና ራስን የሚወቅሰውን ሐሳብ በመመርመር የሚሰጡ ሕክምናዎች እውነተኛ ውጤት አላቸው፤ ይህን የሚያነብ ተራፊ ካለ ወደ ባለሙያ ከመሄድ እንዳይቦዝን እለምነዋለሁ። መጽሐፍ ሐኪም አይሆንም። ለዚህም ነው የሐኪሙን ሥራ ከመጽሐፍ መጨረሻ ላይ መጠበቅ የማይገባን።

የማልቀበለው ሴትዮዋን መድኃኒት ማድረጉን ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሚስቲቱ ትታገሣለች፣ ታቅፈዋለች፣ እርሱ ያለቅሳል፣ መጽሐፉ ያልቃል። የእርሷ እንቅልፍስ? እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1925 ባሳተመችው «ሚስስ ዳሎዌይ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ያሉትን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰውን ሴፕቲመስንና ሚስቱን ሬዚያን ያስቧቸው። አለቃው ኢቫንስ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ሲሞት ሴፕቲመስ ምንም አልተሰማውም፤ እንዲያውም እንደ ጎበዝ ቆጥሮት ነበር። ኋላ ላይ የሚያሳድደው ኃጢአት ያ ነው፤ አለማዘኑ። ጸሐፊው ከሚያውቁት «ለምን ተረፍኩ» ይህ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመልከቱ። ሬዚያ ትወደዋለች፣ በእውነት። ባርኔጣ ሠሪ ናት። በመጨረሻዋ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣ ስትሰፋ እርሱ ሪባኑንና አበባውን እየመረጠ ያቀናጅላታል፤ ይቀልዳል፤ ትስቃለች። ለጥቂት ደቂቃ ባልና ሚስት ናቸው። ወዲያው ምንም አልሆነም ሲል የቆየው ሐኪም ደረጃውን ሲወጣ ይሰማል፤ ሴፕቲመስም በመስኮት ይወረወራል።

ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ባርኔጣው አምሮ ነበር፤ አልበቃም። ዉልፍ ይህን በመጻፏ ተስፋ አልነፈገችንም። ሁለቱ ያን ጥቂት ደቂቃ በእውነት ኖረዋታል፤ መጨረሻው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያጠፋት አይችልም። እኔ ከአንድ መጽሐፍ ሙሉ የሠርግ ማብቂያ ይልቅ ያቺን ባርኔጣ እመርጣለሁ።

ከልብ ወለድ ውጭም እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚና የጦር መኮንን ሲግፍሪድ ሳሱን አንደኛው የዓለም ጦርነት ያለ አግባብ እየተራዘመ ነው ብሎ በ1917 በይፋ ተቃውሞ ስላሰማ ኤድንብራ አጠገብ ወዳለው የክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ተላከ። ሐኪሙ ሪቨርስ ደግ ሰው ነበር፤ ስፍራው ከሞት የራቀ ነበር። ሳሱን ግን ወታደሮቹ እዚያ ሆነው እርሱ እዚህ መሆኑን አልቻለውም፤ የሚቃወመው ጦርነት ውስጥ ተመልሶ ገባ፣ በ1918ም ቆሰለ። ይህን ሰው «ዳነ» ነው የምንለው ወይስ «አልዳነም»? መጽሐፍ ቢሆን ጸሐፊው የትኛውን መጨረሻ ያዙለት ነበር?

ስለ ቀሩት ሁለት ነጥቦች

የተቆራረጠ አተራረክ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው የለም። አሜሪካዊው ደራሲ ከርት ቮኔገት ግን በ1945 የጀርመን ከተማ ድሬስደን በቦምብ ስትነድድ ከሌሎች እስረኞች ጋር በቄራ ምድር ቤት ተጠልሎ ተርፎ፣ ስለዚያ ሌሊት የሚናገረውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1969 ነው። ሃያ አራት ዓመት። ሲመለስ ቀላል መስሎት እንደነበርና እንዳቃተው በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ራሱ ይናገራል። በመካከሉ ሌሎች ልብ ወለዶችን ጽፎ አሳትሟል፤ መጻፍ የማይችል ሰው አልነበረም። የመጣለት ቅርጽ ጊዜው የተበታተነ ገጸ ባሕርይ ነበር። እኔም በእጄ ባለፈው ረቂቅ ውስጥ አይቼዋለሁ። አዛዡ፣ ከዚያ ጓዱ፣ ከዚያ «ለመንኩት»። ያ ሰው ወደ አንዲት ሌሊት አሥራ አንድ ጊዜ የተመለሰው መተረክ ስላላወቀ አይደለም። በተመለሰ ቁጥር አንድ እርምጃ ይጠጋ ነበር።

ጦር ሜዳ ያልዋለ አይጻፍ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ዉልፍ ምሽግ ውስጥ አልነበረችም፤ የአእምሮ ሕመምን ግን ከራሷ ታውቅ ነበር፤ ሐኪሞች ምን እንደሚሉም ታውቅ ነበር። ያልነበረ ሰው ሲጽፍ ሊያፍርበት የሚገባ ስንፍና አለ፤ ሳይጠይቅ መጻፍ። የነበሩት ብቻ ይጻፉ ካልን ግን ሸክሙን ሁሉ መልሰን በእነርሱ ጫንቃ ላይ ነው የምንጭነው፤ እኛ አንባቢ ብቻ ሆነን እንቀራለን። የነበሩትም ለመጻፍ ሃያ አራት ዓመት፣ አሥራ አንድ ረቂቅ ሊፈጅባቸው ይችላል።

አሥራ ሁለተኛው ባለፈው ወር ደረሰኝ። ጸጸቱ ይውጣ፣ መጨረሻው ይስተካከል፣ ቅደም ተከተሉ ይቃና ብለው ጸሐፊው ቢያርሙት ምን እንደሚቀር ለማየት ስል ምክራቸውን አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት። መጀመሪያ የሚወጣው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ለእኔም አልነገረኝም ነበር፤ ጓዱ የጠየቀው ሁለት ጥንድ ነበር፣ እርሱ ያለኝ አንድ ነው ብሎ አንዱን ሰጠው። ረቂቁ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ ነበረኝ።»